ውሃ ላይ አልነሳ ያለችው ጀልባ፦ ከካልጋሪ እስከ ሲካሙስ

ከካልጋሪ የተነሳሁት አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ «አታለውኛል» ለማለት ነው። ተራራ ለማየትም ዓሣ ለማጥመድም አልነበረም። መኪናዬ ውስጥ አንድ ቴርሞስ ሻይ፣ ባለቤቴ አልማዝ የጠቀለለችልኝ የእንቁላል ሳንድዊች፣ የመፍቻ ሳጥንና ስልኬ ላይ ያጠራቀምኳቸው አስራ አንድ ፎቶዎች ነበሩ። ፎቶዎቹ ማስረጃዎቼ ናቸው።

ሽማግሌው ጋሽ ተኽለ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን አሰብ በተማሪ ቤት የተማሩ፣ ወጣትነታቸውንም እዚያው ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ያሳለፉ። እኔ ካልጋሪ የገባሁ ጊዜ ፓይንሪጅ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ሰባት ወር አስቀምጠውኛል። አልማዝን ሳገባም ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው መስከረም ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሲካሙስ ሲዛወሩ አስራ ስድስት ጫማ የምትረዝም የአልሙኒየም ጀልባቸውን ከነስልሳ ፈረስ ጉልበት ሞተሯ ሸጡልኝ። ሲካሙስ ያለችው በቀጣዩ ክፍለ ሀገር፣ ከተራሮቹ ማዶ፣ ሹስዋፕ የሚባለው ትልቅ ሐይቅ ዳር ነው። በኋላ ነው የከነከነኝ፦ ሐይቅ ዳር ለመኖር የሚሄድ ሰው ጀልባውን ለምን ይሸጣል?

እኔ የምኖርበት የፋልከንሪጅ ታውንሃውስ ጀልባ የሚያቆም ቦታ የለውም። ስለዚህ ጀልባዋ ክረምቱን ያሳለፈችው ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ቸስተርሚር፣ ዳንኤል ግቢ ውስጥ ነው። ዳንኤል ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው፤ ሺፍታችንም አንድ ነው። በሰኔ መጀመሪያ አልማዝንና ልጃችንን ቤዛን ይዤ ቸስተርሚር ሐይቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣሁ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስሰጣት ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ቂጧን ውሃ ውስጥ ቀብራ ታቃስታለች እንጂ አትነሳም። ጤነኛ ጀልባ ፍጥነት ስታገኝ ተነስታ ውሃው ላይ መንሸራተት አለባት። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ሰዓት አራት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሐይቁ መሀል ሳለን ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ በኋላ በኩል እየዘለለ ገባ። ቤዛ የሕይወት ጃኬቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ አልማዝ የገባውን ውሃ በሻይ ጣሳ እየቀዳች ትደፋለች። ዳር እስክንደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። መሬት ስንረግጥ አልማዝ «ከእንግዲህ እኔም ልጄም እዚህ ነገር ላይ አንወጣም» አለች።

አንድ የጀልባ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን እግቢው ውስጥ አስነስቶ ትንሽ አዳመጠና «አርጅቷል፤ አዲስ ብትገዛ ይሻላል» አለኝ። አዲስ ሞተር የሚሸጠው ራሱ ስለሆነ እሱንም አላመንኩትም። ዳንኤል ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፦ «መስፌ፣ ሽማግሌው ሸውደውሃል።» ይኼኛውን አመንኩ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፋልከንሪጅ

የሐምሌ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታ ቆይታለች። አልማዝ በጋቢ ተጠቅልላ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

«ጋሽ ተኽለን ሌባ ልትላቸው ነው ስድስት ሰዓት የምትነዳው?» አለችኝ።

«ሌባ አልልም። እጠይቃለሁ።»

«ለመጠየቅ ስልክ አለ።»

«በስልክ ፊታቸው አይታየኝም።»

እውነቱን ለመናገር ስልክም ደውዬ ነበር። ሞተሩ ችግር እንዳለበትና ይዤው ልመጣ እንደምፈልግ ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ «ና ልጄ፣ ቤት ነኝ» ብለው ዘጉት። ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። ያንንም አጭር መልስ በክፉ መዘገብኩት።

አንድ ሰዓት፣ ቸስተርሚር

ዳንኤልን የለመንኩት ትሬለሩን ከመኪናዬ ጋር እንዲያያይዝልኝ ብቻ ነበር። ስደርስ ግን ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አብሬህ ልሂድ» አለ።

«አንተ ደግሞ! ሦስት ጊዜ አትሂድ ስትለኝ አልነበረም?»

«ብቻህን እዚያ ድረስ ትሬለር ስትጎትት... አይሆንም። ዊኬንዱን ፍሪ ነኝ።»

ደስ አለኝ። ምስክር አገኘሁ ብዬ አሰብኩ። መብራቱን፣ የጎማውን ንፋስና የማሰሪያ ሰንሰለቱን ቼክ አደረግን። የጀልባዋን የታች ውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ነቅለን ኪሴ ከተትኩት፤ በመንገድ ላይ ተነቅሎ መሄድ አለበት፣ ሕጉ ነው። ከዚያ በስቶኒ ትሬል ቀለበት መንገድ ዞረን ወደ ምዕራብ ወጣን።

ሦስት ሰዓት፣ ካንሞር

ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ዋጋው ከካልጋሪው በሊትር ከአስር ሳንቲም በላይ ይበልጣል። ለተራራው እይታ የሚያስከፍሉን መሰለኝ። ሁለት መካከለኛ ቡና ወደ ስድስት ዶላር ከፈልኩ። ዳንኤል የሱን አልጠጣውም፤ መያዣው ውስጥ ቀዝቅዞ ባንፍ ድረስ አብሮን ሄደ።

ከባንፍ በኋላ መንገዱ በሁለቱም ወገን ታጥሯል፤ ድብና አጋዘን የሚሻገሩበት ሣር የለበሰ ድልድይ ከላያችን ያልፋል። ቦው ወንዝ እንደ ወተት የቀላቀሉበት አረንጓዴ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። በሌላ ቀን ቆሜ ፎቶ አነሳ ነበር። በዚያ ቀን ግን የማየው የኋላ መስታወቱን ነው፤ ጀልባዋን። በየጉብታው ስትንጫጫ፣ ይቺ ደግሞ ምን ተደብቆባት ይሆን እላለሁ።

«ምን ብዬ እንደምጀምር ታውቃለህ?» አልኩት ዳንኤልን። «መጀመሪያ ለምን እንደሸጧት እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ የሞተሩን ዙር ቪዲዮ አሳያቸዋለሁ።»

«እ... እሺ» አለ በመስኮት እያየ። ቆይቶ ደግሞ «ምናልባት ግን እሳቸውም አያውቁ ይሆናል» አለ።

«አሰብ ሙሉ ያወቃቸው መካኒክ? አያውቁም?»

የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አድርጎ ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ። ሽማግሌ ለመክሰስ መሄድ ከብዶት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጎልደን

ጎልደን አካባቢ ጀልባ የሚጎትት ሁሉ የሚቆምበት የምርመራ ጣቢያ አለ። የሚፈልጉት ሙስል የሚሏትን ጥቃቅን ዛጎል ነው፤ በጀልባ ተጣብቃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ከተሻገረች የውሃውን ቧንቧ ሁሉ ትደፍናለች አሉ። አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ ባትሪ ይዛ መጣችና ጠየቀችን።

«ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የነካችው መቼና የት ነው?»

«ሰኔ ላይ፣ ቸስተርሚር» አልኩ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከሽያጩ በፊት፣ መስከረም።»

ዳንኤል አስነጠሰ። ተቆጣጣሪዋ ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብላ ባትሪዋን አበራችና «ምን መታችሁ?» አለች።

ሄጄ አየሁ። ከፕሮፔለሩ በታች ያለው፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ታች የወጣው ብረት ጫፉ ተቧጭሯል። ቀለሙ ተነስቶ ብረቱ ያብለጨልጫል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሞተሩን ከላይ ከላይ ሳየው ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አይቼው አላውቅም ነበር። ደሜ ፈላ። ድንጋይ መትተው ነው የሸጡልኝ! አስራ ሁለተኛውን ፎቶ አነሳሁ።

«አየህ?» አልኩት ዳንኤልን።

«አየሁ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስለኔ የተናደደ መስሎኝ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

ሮጀርስ ፓስና ከዚያ ወዲያ

ከጎልደን በኋላ፣ ሮጀርስ ፓስ በሚሉት የተራራ መተላለፊያ፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። የክረምት በረዶ ናዳ ከላይ እንዳይደፍነው ኮንክሪት ጣሪያ በተሠራላቸው ዋሻ መሰል ቦታዎች ውስጥ ያልፋል። ዝናብ ጣለብን። ትላልቅ የእንጨት ጫኝ መኪኖች ከኋላ እየተጠጉ ያስጨንቃሉ። የሰዓት ቀጣና ስለተሻገርን ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። ሬቨልስቶክ ላይ ሳንድዊቻችንን ጋቢና ውስጥ በላን፤ ማለትም እኔ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል እየወረድን ስንሄድ ዛፉ እየረዘመ፣ አየሩ እየሞቀና እየከበደ መጣ። ይህን ቁልቁለት ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ስምንት ሰዓት፣ ሲካሙስ

ሲካሙስ በሁለት ሐይቆች መሀል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነች። ሰው ቤት የሚያህል ጀልባ ተከራይቶ ቤተሰቡን ይዞ የሚሰነብትባት። የጋሽ ተኽለ ልጅ ቤት ከጀልባ ማውረጃው አምስት ደቂቃ ያህል ይርቃል። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። እሳቸው ሰማያዊ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁን። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው በዱላ ይሄዳሉ። ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ምሳ ቀርቧል፤ በቲማቲም የተሠራ ዓሣና ሩዝ።

«ብሉ እንጂ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት» አሉ።

ማባበያ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሁለት ጊዜ ጎረስኩና ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ተኽለ፣ ጀልባዋን ለምን ነበር የሸጡልኝ?»

አፌ ውስጥ ሳዘጋጀው የቆየሁት ቃል ሲወጣ ከፈለግኩት በላይ ሻካራ ሆነ። ዱላቸውን ተደግፈው ለአፍታ አዩኝ።

«የልጄ ባል ትልቅ ጀልባ አለው። ሁለት ጀልባ የት አባቴ ላቆም?» አሉ። ቀጥለውም «መስፍን ልጄ፣ የመጣኸው ልትጠይቀኝ ነው ልትከሰኝ?» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት። የተቧጨረውን ብረት ፎቶ ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ። እኔን አዩኝ፤ ዳንኤልን አዩት፤ ስልኩን መለሱልኝ። ያንን ዝምታ እንደ ጥፋተኛ ሰው ዝምታ ቆጠርኩት።

ግቢ ወጥተን ጀልባዋን ያዩዋት ጀመር። ፕሮፔለሩ ላይ ጎንበስ ብለው በጨርቅ ጠረጉትና የተቀረጸውን ቁጥር በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይሄ ፒቹ አስራ ሰባት ነው። እኔ የሸጥኩልህ አስራ ሦስት ነበር።»

ፒች ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። ፕሮፔለር እንደ ብሎን ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ውሃውን እየበሳ ወደፊት መሄድ ያለበት ርቀት በኢንች ተቆጥሮ ይጻፍበታል። ቁጥሩ ሲበዛ በአንድ ዙር ረጅም ይራመዳል፤ ግን ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ልክ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና። ይህ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ ጊዜ መዞር አለበት። እዚያ ካልደረሰ ጉልበቱ አይወጣም፤ እየታነቀ ሲሠራም ይጎዳል።

«ካልጋሪ ደግሞ ከፍ ያለ አገር ነው» አሉ። «አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። እዚያ ሲሆን ትንሹን ፒች ነው የምታስርለት። እኔ አስራ ሦስቱን ያሰርኩት ለዚያ ነው። አስራ ሰባት ማን አሰረበት?»

«እኔ አልነካሁትም» አልኩ። «እርስዎ የሰጡኝ ይኼው ነው። አስራ ሦስት እንደነበር በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አሉ በእርጋታ። «ወደ ውሃው እንሂድ።»

ሹስዋፕ ሐይቅ ላይ

ቡሹን ገጥመን መጀመሪያ እንዳለች ውሃው ላይ አወጣናት፤ ሦስታችንም ተሳፍረን። ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁ። ዙሩ አራት ሺህ ስድስት መቶ ደረሰ፤ ከቸስተርሚር ትንሽ ተሻለ፤ ከባሕር ወለል ብዙ ስላልራቅን ነው አሉ። ግን አፍንጫዋ ሽቅብ፣ ቂጧ ቁልቁል ነው። ስልኬ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ በሰዓት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር አለ፤ ከዚያ አላለፈም።

ተመልሰን ትሬለሩ ላይ አወጣናት። ጋሽ ተኽለ መጀመሪያ የሞተሩን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ «ጣት አይበቅልም» አሉ። ፕሮፔለሩ እንዳይዞር እንጨት አገቡበትና ዋናውን ብሎን ፈቱ። ከዚያ ከመኪናቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ሲገልጡት ሌላ ፕሮፔለር ነው፤ አስራ ሦስት የሚል ቁጥር የተቀረጸበት። ዘንጉን ግራሶ ቀብተው አሰሩት።

እንደገና ወጣን። ነዳጁን ስሰጣት ጀልባዋ አንዴ ቀና አለችና በአምስት ሰከንድ ውስጥ ውሃው ላይ ተዘረጋች። ማቃሰቱ ቀረ። አምስት ሺህ ሰባት መቶ! አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር! ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ልጅ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ እንደ ጩቤ ገባብኝ፤ ሐይቁ መሀል ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጋሽ ተኽለ» አልኩ፤ «ታዲያ ይሄ ፕሮፔለር እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?»

«ትርፍ ነው። ስዛወር ከዕቃ ጋር ሳጥን ውስጥ ገብቶ መጣ። ልልክልህ አስቤ ረሳሁት።»

«ትርፍ ነው ወይስ ከጀልባዬ የተፈታው?»

ጀልባዋ በቀስታ ትወዛወዛለች። ጋሽ ተኽለ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሠርጌ ላይ ቆመው የመረቁኝን ሰው ያን ያህል ትንሽ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

«ተው መስፌ!» አለ ዳንኤል ከኋላዬ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ተው፣ እሳቸውን ተው። እኔ ነኝ።»

ዞሬ አየሁት። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል።

«ግንቦት ላይ... ሁለት የሥራ ቦታ ልጆች መጡ። ጀልባዋ የኔ ናት ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ሐይቁ ገና አልሞላም ነበር። ድንጋይ መታሁ። ፕሮፔለሩ አንዱ ክንፉ ተሰበረ። ኦንላይን አንድ ሰው ዩዝድ ሸጠልኝ፤ ሳስረው ልክ ገጠመ። የገጠመ ሁሉ አንድ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም። አንተ ሰኔ ላይ ስትወጣ ነው የገባኝ። እነአልማዝ... ዳር ላይ ሆኜ ልጅቷ ስታለቅስ አየሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርህ?»

«ሸውደውሃል አልከኝ እኮ!» አልኩ። «አንተው ነህ እሳቸው ናቸው ያልከኝ!»

«አዎ» አለ።

ልመታው እጄ ተነስቶ ነበር። ጋሽ ተኽለ ዱላቸውን በመሀላችን ዘረጉ። ያሉት ግን እኔ የጠበቅኩት አይደለም።

«ድንጋዩን ስትመታ የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው የታችኛውን ማርሽ ሳጥን ሳናይ ሞተሩ ላይ አንጨክንም። በቀስታ ወደ ዳር።»

ወደ ዳር ስንመለስ በእግር ከመሄድ አንፈጥንም። ትሬለሩ ላይ አውጥተን ከማርሽ ሳጥኑ ትንሽ ዘይት ቀዱ። ውሃ ገብቶት ቢሆን ወተት ይመስል ነበር አሉ፤ ጥቁርና ንጹሕ ነው። ዘንጉን በእጃቸው አዙረው በዓይናቸው ለኩት፤ አልጎበጠም። ያን ጊዜ ብቻ ተነፈሱ።

«ወደይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፎቶውን ስታሳየኝ እኔም አንተን ጠርጥሬ ነበር። መትቶ ሰበረና በኔ ሊያላክክ መጣ ብዬ ነበር።»

ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል በብብቴ ይዘው አቆሙኝ። «ተው፣ መሬቱ እርጥብ ነው» አሉ። አለቀስኩ። አላፍርበትም።

የቀረው ከሰዓት

የሐምሌ ቀን ረጅም ነው፤ ብርሃን ሞልቶ ስለነበር ሥራውን ቀጠልን። ጋሽ ተኽለ ከሞተሩ ላይኛው ክፍል ጎን ቆመው ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ዝርግ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል መሆን ሲገባው ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ ያለ ሥራ ውሃ ይጎትታል።

«ይሄ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ማዕበል ባለበት ፕሮፔለሩ አየር እንዳይስብ ብዬ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት፤ እንደዚያው ሸጥኩልህ። ልነግርህ ይገባ ነበር።»

ሞተሩን አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርገን አሰርን። ዳንኤል ሳይታዘዝ ከባዱን ክፍል ተሸከመ። ባትሪውንና የነዳጅ ታንኩን ከኋላ አንስተን ወደ መሀል አመጣናቸው። ስንወጣ ሞተሩን ዘንበል ቀና የሚያደርገውን ቁልፍ እንዴት እንደምጠቀም አስተማሩኝ፤ ስትነሳ ወደ ውስጥ፣ ከተነሳች በኋላ ጥቂት ወደ ውጭ፣ መሪው እስኪቀል ድረስ። አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ደረስን። በየአንድ ኢንች ፒች ከሁለት መቶ በላይ ዙር እንደሚለዋወጥ፣ ካልጋሪ ስመለስ ከፍታው ጥቂት መቶ ዙር እንደሚቀንስብኝና ያ ደግሞ ጤነኛ እንደሆነ ነገሩኝ።

ማታ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ፣ ባሏ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር፣ አራታችን አብረን በላን። ዓሣውን ደግሜ ወሰድኩ። ስለ ሐይቁ ነገር ማናችንም አላነሳንም።

እሑድ፣ የመልስ ጉዞ

ጠዋት ጋሽ ተኽለ ትሬለሩን ዞረው ፈተሹ። ዳንኤል ሄዶ ፊታቸው ቆመ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ራሱን በእጃቸው ዳበስ ሲያደርጉት አየሁ። ለእኔ ያን ያህል ቀላል አልነበረም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ከሚገኝ መንገድ ዳር መሸጫ አንድ ካርቶን ቼሪ በሃያ አምስት ዶላር ገዛሁ። እስከ ሮጀርስ ፓስ ድረስ ከካርቶኑ እየዘገንን በላን፤ ከዘር መትፋት በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ለምን አብረኸኝ መጣህ?» አልኩት በመጨረሻ።

«እዚያ ሳትደርስ ልነግርህ ነበር። ካንሞር ላይ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ጎልደን ላይ። ከዚያ...»

«እሳቸው ባያለቅሱ ኖሮ አትነግረኝም ነበር።»

የያዘውን ቼሪ ወደ ካርቶኑ መለሰ። «አላውቅም» አለ።

ይቺኛዋን አመንኩ። የሚዋሽ ሰው ቢሆን «እነግርህ ነበር» ይል ነበር።

አልበርታ ስንገባ ጀልባዋን እንደገና ፈተሹ። ስንት ጊዜ ውሃ ገባች ሲሉ ዳንኤል ቀድሞኝ መለሰ፦ ግንቦት አንዴ፣ ሰኔ አንዴ፣ ትናንት። ቸስተርሚር ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ትሬለሩን ግቢው ውስጥ ወደ ኋላ አስገባሁ።

«ሌላ ቦታ ብትፈልግላት አልቀየምም» አለ። የጀልባዋን ትርፍ ቁልፍ ከቁልፎቹ መሀል ፈልቅቆ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ጀልባዋን ግን እዚያው ተውኳት።

ፋልከንሪጅ

ስለዚህ ጉዞ ብዙ አስቤያለሁ። ለአንድ ወር ሙሉ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም፤ መካኒኩን፣ ነዳጅ ሻጩን፣ ሽማግሌውን፣ ያቀረቡልኝን ዓሣ ሳይቀር። ይህን ሁሉ ስጠረጥር ግን አንዲቷን ነገር፣ ፕሮፔለሩ ላይ በግልጽ የተቀረጸችውን ቁጥር፣ ጎንበስ ብዬ አላነበብኩም። መጠርጠር መመርመር መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፤ ሰውም ስጠይቅ መልሱን እኔው አዘጋጅቼ መሄድ አልነበረብኝም።

አልማዝ በሩን ስትከፍት ቼሪውን ሰጠኋትና ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሳላርፍ፣ ሳላሳምር። በሐይቁ መሀል ለጋሽ ተኽለ ያልኳቸውን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ስልኳን አንስታ ደወለችላቸው፤ በሰላም መግባታችንን ነገረቻቸው፣ ስለጉልበታቸው ጠየቀች፣ በመስከረም እኛ ቤት እንዲመጡ አስማለቻቸው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ዳንኤልንስ? ይቅር አልከው?»

«ጀልባዋን እሱ ግቢ ነው ያቆምኳት።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ለዛሬ ያለኝ ግን ይሄ ነው።»

አልማዝ ቼሪውን ልታጥብ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ጫማዬን አወለቅኩ። ነገ ጠዋት ሺፍት አለን፤ እኔና ዳንኤል፣ ካርጎው ውስጥ አንድ መስመር ላይ።